የአራት ቀን ሥዕል

ኖቬምበር 25 ቀን 1913 (እ.ኤ.አ.) በሙኒክ ከተማ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ሜትር የሆነ ባዶ ሸራ ከአንድ ሠዓሊ ቤት ደረሰ። ሠዓሊው በዚያው ምሽት ሥራውን ጀመረ። ኖቬምበር 28 ቀን ሥዕሉ ተፈጸመ። ሠዓሊው ሩሲያዊው ቫሲሊ ካንዲንስኪ ሲሆን፣ ሥዕሉም «ኮምፖዚሽን 7» የተባለውና ዛሬ በሞስኮ ትሬትያኮቭ ጋለሪ የሚገኘው ነው። አብራው ትኖር የነበረችው ሠዓሊ ጋብርኤለ ሙንተር ሥራው ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያልፍ በፎቶግራፍ አነሣችው፤ ቀኑንም በማስታወሻዋ መዘገበች። ስለዚህ የአራቱ ቀን ነገር ከጊዜ በኋላ የተፈጠረ አፈ ታሪክ አይደለም።

ተመልካች ከዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም በመጀመሪያ የሚፈልገው ስም የሚሰጠው ነገር ነው፤ ቤት፣ ዛፍ፣ ወይም የሰው ፊት። ዓይኑ አንዱንም አያገኝም። ቀይ ከሰማያዊ ጋር ይጋጫል፤ ጥቁር መስመር ቢጫውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሁሉም እንደ ማዕበል ወደ መካከል ይሰበሰብና እንደገና ይበተናል። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «እንደ መጣለት የለቀለቀው ነው» ብሎ ያጣጥላል። ሌላው ደግሞ «ያላንዳች ሐሳብ ከውስጥ ፈንቅሎ የወጣ ነው» ብሎ ያደንቃል። ሁለቱ ፍርዶች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሥራው ከአራቱ ቀን በፊት ያልነበረ አድርገው ይቆጥሩታል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ካንዲንስኪ ከሸራው ፊት ከመቆሙ በፊት ለዚሁ ሥዕል ከሠላሳ የሚበልጡ ንድፎችን በእርሳስ፣ በውኃ ቀለምና በዘይት ቀለም ሠርቶ ነበር። የጥፋት ውኃ፣ የመጨረሻው ፍርድና የትንሣኤ ምስሎች ለዓመታት በእጁ ሲመላለሱ ቆይተው፣ ቀስ በቀስ መልካቸውን እየጣሉ ወደ መስመርና ወደ ቀለም ተለውጠዋል። እርሱ ራሱም ሥራዎቹን ሲከፋፍል፣ ድንገት ከውስጥ የሚፈልቁትን «ኢምፕሮቪዜሽን»፣ ለረጅም ጊዜ ተብላልተውና ተፈትነው የሚወጡትን ግን «ኮምፖዚሽን» ብሎ ሰይሟቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የታሰበ ሥዕል ቢሆን ኖሮ በጥድፊያ በተረሳ ነበር።

ሆኖም ከንድፎቹ አንዱም ሥዕሉን አይተካም። ንድፍ የሚያስተምረው እጅን እንጂ ፍጻሜውን አይደለም። በሰፊው ሸራ ላይ የመጀመሪያው ቀለም ካረፈ በኋላ ሁለተኛውን የሚጠራው እርሱ ነው፤ ሦስተኛውም ለሁለቱ መልስ ይሰጣል። በዚያች ቅጽበት ሠዓሊው ወረቀቱን እያየ አይሠራም፤ ያዳምጣል። ውስጣዊ ስሜት የሚባለውም ይኸው ነው፤ የዕውቀት አለመኖር ሳይሆን፣ ዕውቀት ወደ ደም ገብቶ ስሙን እስኪያጣ ድረስ መዋሐዱ ነው።

ይህ ነገር በቅኔ ቤት ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ዓመታትም በዚህ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ባለቅኔው በጉባኤ መካከል ቆሞ ሲዘርፍ፣ ሰሚው ቃሉ ያን ጊዜ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ዘረፋው ቆጠራውን በውስጡ ይዟል። በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ረቂቅ ሥዕልን በአዲስ አበባ ያስተዋወቀው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊም ገጣሚም መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይመስልም።

የካንዲንስኪ ሕይወትም እንደ ሥዕሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ በዶርፓት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር እንዲሆን የቀረበለትን ጥሪ ትቶ ሥዕል ለመማር ወደ ሙኒክ ሄደ። ለዘመዶችና ለባልንጀሮች እንዲህ ያለው ውሳኔ እብደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እርሱም የራሱ ንድፎች ነበሩት። በ1889 ለጥናት ወደ ቮሎግዳ በሄደ ጊዜ በገበሬዎች ቤት ውስጥ ካሸበረቁት ጌጦች መካከል ቆሞ፣ ሥዕል ውስጥ የገባ ያህል ተሰምቶት ነበር። ቆይቶም በሞስኮ ኤግዚቢሽን የሞኔን የድርቆሽ ክምር አይቶ፣ ክምር መሆኑን ሳይለይ ሥዕሉ ከልቡ አልጠፋ አለው። ሰው ድንገት ቆረጠ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ሲቆጥር የኖረውን ሲዘርፍ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥዕልና ኑሮ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ከዚህ በኋላ ግን ይለያያሉ። ሸራ ይፋቃል፣ ይደረባል፤ የሰው ልብ ግን ንድፍ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ካንዲንስኪ የሩሲያ ተወላጅ ነበርና ጀርመንን ለቅቆ ወጣ። ከሙንተር ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በ1916 መጀመሪያ ላይ በስቶክሆልም ነበር። ቃል የገባላት ጋብቻ ሳይፈጸም ቀረ፤ በ1917 ሌላ አገባ። የአንዲትን ጠብታ ቢጫ ጥሪ ይሰማ የነበረው ጆሮ፣ የአንዲትን ሴት ጥሪ አልሰማም። እንግዲህ ውስጣዊ ስሜት የጥበብ ምንጭ ይሁን እንጂ የደግነት ዋስትና አለመሆኑን ማመን ያስፈልጋል። ውስጡን የሚያዳምጥ ሠዓሊ ይደነቃል፤ ውስጡን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ግን ሌሎችን ያቆስላል።

ሙንተርስ? ካንዲንስኪ ጥሎት ከሄደው ሥራ ከፊሉ ከብዙ ክርክር በኋላ ተመለሰለት፤ ብዙው ግን በእርሷ ዘንድ ቀረ። ናዚዎች በ1937 ዘመናዊውን ሥነ ጥበብ «የዘቀጠ» ብለው ለሕዝብ መሳለቂያ ባቀረቡበት ዘመን፣ እርሷ ሥዕሎቹን ሙርናው በሚገኘው ቤቷ ምድር ቤት ሸሸገቻቸው። በ1957፣ ሰማንያ ዓመት ሲሞላት፣ ከራሷ ሥራዎች ጋር ለሙኒክ ከተማ ሰጠቻቸው፤ ዛሬም በሌንባኅሃውስ ሙዚየም ይታያሉ።

ለዚህ ተግባር ንድፍ የሠራላት ማንም አልነበረም። የተጎዳ ሰው ማቃጠል ወይም መሸጥ ሲችል፣ ጠብቆ ለሌላው ትውልድ ማስተላለፍን መረጠች። በየቀኑ አንዲት ትንሽ ውሳኔ እየተደረበች፣ ከአርባ ዓመታት በኋላ ቅንብሩ ሙሉ ሆኖ ታየ። በኖቬምበር 1913 ፎቶግራፎች ላይ የእርሷ ምስል የለም፤ ከካሜራው ኋላ ቆማ ነበርና። የአራቱን ቀን ሥዕል የሚያይ ተመልካች ግን በሸራው ላይ የሚነበበውን የአንዱን እጅ ሲያደንቅ፣ ሥራውን ለዓይናችን ያቆየውን የሌላውንም እጅ ሊያስብ ይገባዋል።