የቀፎና የጠርሙስ አደራ

ከቢቸና እስከ ሞጣ በተዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ምድር ንብ የሚያረባ ገበሬ ሥራውን የሚጀምረው ማር በመቁረጥ ሳይሆን በመመልከት ነው። ንቦቹ የአበባ ብናኝ ይዘው ሲመለሱ ወይም በቀፎው አፍ ላይ ተኮልኩለው ሲዋልሉ ምን እንደጎደላቸው ይገነዘባል። በመስከረም አደይ አበባና መች ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሱት የእርሱ ድርሻ መጠበቅ ነው። አበባ በጠፋበት ወራት ግን ስኳር ወይም ማር በጥብጦ፣ አንዳንዴም ሽሮና በሶ ያቀርብላቸዋል። የሚሰጠው ጥቂት በጥቂት ነው፤ የተረፈ ምግብ ይሻግታልና፣ ጉንዳንም ይጠራልና።

ይህን ሙያ የጨበጠ ሰው ባሕር ባያይም እንኳ የባሕር እንስሳ ከሚያኖር ሰው ጋር መነጋገር አይቸግረውም። ባሕሩም ቢሆን ለጎጃም ፍጹም ባዕድ አይደለም። በገበያዎቿ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ፣ ጥንት ቀይ ባሕር የአፋርን ዝቅተኛ ምድር አጥለቅልቆ ሲደርቅ ትቶት የሄደው ጨው ነው።

በዚያ ባሕር ዐለቶች ላይ ከሚኖሩት ፍጥረታት መካከል አኔሞን የሚባለው፣ በአማርኛ የባሕር አበባ ሊባል የሚችለው ይገኛል። አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። አንጎል የለውም፤ ምግብ የሚገባበትና ቆሻሻ የሚወጣበት አፉም አንድ ነው። በአፉ ዙሪያ ያሉት ጣት መሰል ክንዶቹ እየተናደፉ ምግቡን ይይዙለታል። በቤቱ፣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖረው ሰው የሚሰጠው ትንሽ የዓሣ ቁራጭ ነው። ከመጠን ያለፈውን እንስሳው መልሶ ይተፋዋል፤ የተተፋውም በስብሶ ውሃውን ይመርዛል። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንምና የጎደለው የሚሞላው በጨዋማ ሳይሆን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። አሞሌ በጥብጦም ባሕር መሥራት አይቻልም፤ የባሕር ውሃ ከገበታ ጨው ሌላ ማግኒዥየምና ካልሲየምን የመሳሰሉ ማዕድናትን ይዟልና።

በስኮትላንድ የሆነው ነገር የዚህን ጥበቃ ጥልቀት ያሳያል። ሰር ጆን ዳልዬል የተባለ የሕግና የተፈጥሮ ሊቅ በ1828 እ.ኤ.አ. ከኖርዝ ቤሪክ ጠረፍ አንዲት የባሕር አበባ አምጥቶ በኤዲንብራ ከተማ በጠርሙስ አኖራት። ውሃዋ በየጊዜው ከባሕር እየተቀዳ ይለወጥላት ነበር። ዳልዬል በ1851 ሲሞት ወደ ፕሮፌሰር ጆን ፍሌሚንግ ተላለፈች፤ ከእርሱ በኋላ ወደ ዶክተር መክቤን፣ ከዚያም በከተማይቱ ወዳለው የዕፀዋት ማዕከል ጠባቂዎች። ምግቧ በየሁለት ሳምንቱ ከአንዲት ዛጎል ለበስ እንስሳ የተከፈለ ግማሽ ሥጋ ነበር። «አያት» የሚል ስም ወጥቶላት፣ ብዙ ልጆች ወልዳ፣ የመጀመሪያ ጌታዋን በ36 ዓመት በልጣ በ1887 ሞተች።

የጠባቂዎቿ ሙያ ከንብ አርቢው ሙያ በአንድ ነገር ይከብዳል። ንብ ሲበደል ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል፤ ባዶው ቀፎም ራሱ ክስ ነው። በጠርሙስ ያለችው ግን መኮብለያ የላትም። ክንዶቿን ሰብስባ ትኮማተራለች፤ ነገር ግን ጠግባም፣ ተጎድታም፣ አርፋም ስትኮማተር መልኳ አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ሲያያት የኖረ ዓይን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከዳልዬል ወደ ፍሌሚንግ የተላለፈው ጠርሙስ ብቻ አልነበረም፤ ምን ያህል፣ በስንት ቀን፣ በምን ዓይነት ውሃ የሚለው ዕውቀትም አብሮ ተላልፏል። ከዚያ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢበጠስ 59 ዓመት የቆየው ጥበቃ በጥቂት ሳምንት ባከተመ ነበር። በቢቸናም ሆነ በሞጣ አባት ለልጁ ቀፎውን አውርሶ የአበባውን ወራት ሳያስተምረው ቢሞት፣ ልጁ የወረሰው እበት የተለሰነ ቅርጫት ነው። መምህር ለተማሪው፣ ሽማግሌም ለጎልማሳው ዕቃውን ከነዕውቀቱ ሲያስረክብ ግን አደራው ሙሉ ይሆናል።