ስለ አሪዞና ምድረ በዳና ስለ ውኃው አከፋፈል

ዝናም በማይጓደልበት አገር የሚኖር ሰው ሀብቱን በመሬቱ ስፋትና በከብቱ ብዛት ይቈጥራል፤ በምድረ በዳ የሚኖር ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቈጥረው ውኃውን ነው። ይህንም ነገር ለመረዳት የሚወድ ሰው የአሪዞናን ታሪክ ይመልከት። አሪዞና ከተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አንዱ ሆኖ በደቡብ ምዕራብ በኩል በሜክሲኮ ወሰን ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱም 295 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል አገር ነው። በሰሜኑ ደጋና የጥድ ዱር አለበት፤ ደቡቡና ምዕራቡ ግን ፀሐይ የሚያቃጥለው ምድረ በዳ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምድረ በዳ ቢባልም ሕይወት የሌለበት አይደለም። ቍልቋል የሚመስል ሳጓሮ የሚባል ተክል ይበቅልበታል። ይህ ተክል ገና ትንሽ ሳለ በሌላ ዛፍ ጥላ ተጠግቶ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚያልፍ፥ ዕድሜውም ከ150 ዓመት የሚበልጥ ይገኛል። ዝናም በዘነመ ጊዜ ግንዱ እየሰፋ ውኃውን ይጠጣል፤ የጠጣውንም ለድርቅ ዘመን ያኖራል። ባገኘው ውኃ ልክ ያድጋል እንጂ ያላገኘውን ተስፋ አድርጎ አያድግም።

በዚያ ምድር አስቀድመው የኖሩ ሰዎችም የውኃን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበረ። ዛሬ የፊኒክስ ከተማ ባለበት ሜዳ ሆሆካም የተባሉ ሕዝብ የብረት መሣሪያና የጭነት ከብት ሳይኖራቸው፥ በእንጨትና በድንጋይ ምድርን እየቈፈሩ፥ ከሶልት ወንዝና ከሂላ ወንዝ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር የመስኖ ቦይ አወጡ፤ በቈሎና ጥጥም አለሙበት። በ1450 ገደማ ግን መንደሮቻቸውን ትተው ተበተኑ። በምን ምክንያት እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በሂላ ወንዝ ዳር የሚኖሩት አኪሜል ኦዳም፥ ይህም የወንዝ ሰዎች ማለት ነው፥ የእነርሱ ልጆች ነን ይላሉ።

በ1692 ኤውሴብዮ ኪኖ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዛሬ ቱሳን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ለወንጌል ስብከት የሚሆን ስፍራ መሠረቱ፤ በዚያም በ1797 ተሠርቶ ያለቀው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ጸሎት ይደረግበታል። ኪኖ ካመጡት ነገር አንዱ ስንዴ ነበረ። ኦዳምም ስንዴውን ተቀብለው በቦያቸው እያለሙ ከራሳቸው ተርፎ ለሌላ የሚተርፍ አገኙ። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርንያ የሚጐርፈው መንገደኛ ምድረ በዳውን በሚሻገርበት ጊዜ ብዙው የዳነው በእነርሱ እህልና ውኃ ነው።

አሜሪካውያን አገሩን ከፊሉን በ1848 በጦርነት፥ ከፊሉንም በ1853 ውል በ10 ሚሊዮን ዶላር ከሜክሲኮ እጅ ወሰዱ። በ1867 ጃክ ስዊሊንግ የተባለ ሰው ማኅበር አቁሞ የሆሆካምን አሮጌ ቦዮች ማስጠረግ ጀመረ። በዚያ የተቈረቈረችውም ከተማ፥ መጽሐፈ ፊሳልጎስ ከሞተች በኋላ ትነሣለች ብሎ በሚናገርላት ወፍ ስም፥ ፊኒክስ ተባለች። ይስሐቅ የአባቱን የአብርሃምን ጕድጓዶች እንደገና እንዳስቈፈረ፥ የደረቀን ቦይ ከፍቶ ውኃ መመለስ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ይስሐቅ ልጅና ወራሽ ነበረ፤ በአሪዞና ቦዩን የከፈተው እንግዳ ሲሆን የባለ ቦዩ ልጅ ተጠማ። ከ1870 ወዲህ ከበላይ በኩል የሰፈሩት ገበሬዎች የሂላን ወንዝ ጠልፈው ስለ ወሰዱት የኦዳም እርሻ ደረቀ። ትናንት መንገደኛ ይመግቡ የነበሩት በ1890ዎቹ ዓመታት ተራቡ፤ የበረሃውን እሾኻም ዛፍ ቈርጠው ማገዶ በመሸጥ እስከ መኖር ደረሱ።

አሪዞና በ1912 አርባ ስምንተኛ ሆኖ ወደ ኅብረቱ ሲገባ ሕዝቡ ከ200 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበረ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1922፥ የኮሎራዶ ወንዝ የሚያገኛቸው የሰባት መንግሥታት መልእክተኞች በሳንታ ፌ አጠገብ ተሰብስበው ወንዙን ተካፈሉ። በላይ ላሉት በዓመት 9 ሺህ 250 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፥ በታች ላሉት ለአሪዞና፥ ለካሊፎርንያና ለኔቫዳም ይህንኑ ያህል መደቡ፤ በ1944 ደግሞ ለሜክሲኮ 1 ሺህ 850 ሚሊዮን ተጨመረ። ዳሩ ግን ወንዙ የተለካው ውኃ በበዛባቸው ዓመታት ነበረና የተካፈሉት ወንዙ ካለው በለጠ። የክፍያው ድምር 20 ሺህ ሚሊዮን ሲያልፍ፥ ከ2000 ወዲህ ወንዙ በአማካይ የሰጠው 15 ሺህ ሚሊዮን ያህል ነው። በዚያም ጉባኤ ላይ ከጥንት ባለአገሮች አንድ መልእክተኛ እንኳ አልተቀመጠም።

ልክ ከሌለው ክፍያ ጠብ መወለዱ አይቀርም። በ1934 የአሪዞና ገዥ ካሊፎርንያ የምታገኝበት ግድብ እንዳይሠራ ብሎ ወታደር እስከ መላክ ደረሰ። በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአሪዞና በዓመት 3 ሺህ 450 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገባዋል ብሎ ፈረደ። በ1973 ተጀምሮ በ1993 የተፈጸመው ታላቅ ቦይ የኮሎራዶን ውኃ ወደ 880 ሜትር ያህል ዳገት እየገፋ 541 ኪሎ ሜትር ወደ ፊኒክስና ወደ ቱሳን ይወስዳል። ነገር ግን ቦዩ በ1968 ሲፈቀድ፥ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከካሊፎርንያ በፊት የአሪዞና ቦይ እንዲቀነስበት አሪዞና ተስማምቶ ነበረ። ሕዝቡም በዚህ ቦይ ተማምኖ በ2020 ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

የዕዳው ቀን በነሐሴ 2021 ደረሰ። በወንዙ ላይ የውኃ እጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ በአዋጅ ተነገረ፤ በ2022 አሪዞና ከድርሻው አምስተኛውን የሚያህል አጣ። በ2023 በፊኒክስ ሙቀቱ 31 ቀን ተከታትሎ በየቀኑ 43 ዲግሪ ደረሰ፤ ከተማዋ ባለችበት አውራጃ በዚያ ዓመት በሙቀት ምክንያት 645 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በፊኒክስ ዙሪያ በጕድጓድ ውኃ ብቻ ተማምኖ አዲስ ሰፈር ለመሥራት ፈቃድ መስጠት ቆመ። ዳግመኛም በ1868 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል የገቡት ናቫሆዎች ውኃ ይፈለግልን ብለው ቢከሱ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በአራት ላይ ውሉ መንግሥትን ለዚህ አያስገድድም ብሎ ፈረደ። ከናቫሆ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ውኃ በመኪና ጭነው ያመጣሉ።

ኦዳም ግን ብዙ ዘመን ከተከራከሩ በኋላ በ2004 በወጣው ሕግ በዓመት 800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ተመለሰላቸው። ወንዙ በደከመ ጊዜም ከድርሻቸው በዓመት 154 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል በሐይቁ እንዲቀር በ2023 በዋጋ ተስማሙ። በክፍያው ጉባኤ ያልተጠሩት እነሆ ክፍያው እንዳይፈርስ ከሚደግፉት መካከል ሆኑ።

የአሪዞና የወደ ፊት ኑሮ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ከውኃው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠውን የሚጠጣው እርሻ ነውና ገበሬው ብቻውን ሳይከስር እርሻው እንዴት ይቀነስ፥ ከተማው ያሳደፈውን ውኃ አጥርቶ እንዴት ይጠቀምበት የሚለው ምክር ከጠቢባን አይታጣም። ነገር ግን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ገንዘቡን እንደሚቈጥር፥ ወንዝም የሚካፈሉ ሰዎች ያለውን ለክተው፥ የቀረውንም ሰው ጠርተው ሊካፈሉ ይገባል። የይስሐቅ እረኞች በሁለት ጕድጓድ ላይ ተጣልተው ሦስተኛውን ያለ ጠብ አገኙ። በአሪዞና ግን የሚሄዱበት ሌላ ወንዝ የለምና፥ ያለ ጠብ መጠጣትን መማር ያለባቸው በዚሁ በአንዱ ወንዝ ዳር ነው።