የቀበሌ ቤት ልጆች

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የታወጀው በ1967 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት ነው። በሰፈራችን በኮልፌ ያን ቀን የተደሰተው ተከራይ ነበር፤ እኛም ተከራዮች ነበርን። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም ተባለ። እስከ 300 ብር የሚከራይ ቤት ከመቶ 15 እስከ 50 ተቀነሰለት፤ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ደግሞ ለቀበሌ ተሰጠ። እናቴ ወር በመጣ ቁጥር የምትሳቀቅባቸው አከራያችን ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ጎረቤት ሰላም የሚሏት ሰው ሆኑ። ልጅ ብሆንም እናቴ ያን ክረምት ፊቷ እንደተፈታ አስታውሳለሁ። ስለዚያ ዘመን ክፉውን ብቻ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ኒው ዮርክ ነው የምትኖረው። ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ደወለች። "ጋሼ፣ አሸነፍን!" አለችኝ። እነሱ ዘንድ ገና ምሽት ነው። ራሱን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ብሎ የሚጠራው፣ ካምፓላ የተወለደው የ34 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ መመረጡ ነው። ቃል የገባውን ዘረዘረችልኝ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ኪራያቸው በሕግ የሚወሰን ቤቶች ላይ ጭማሪ እንዳይኖር፣ አውቶቡስ በነፃ እንዲሆን፣ ከተማው ራሱ የምግብ ሸቀጥ መደብር እንዲከፍት። እሷ ስለ ኒው ዮርክ ታወራለች፣ እኔ ግን በሐሳቤ የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በራሽን ካርድ። ወረፋ የሚይዝልን ድንጋይ ነበር፤ እናቴ ማልዳ ድንጋይዋን አስቀምጣ ትመለስና ሱቁ ሲከፈት እኔን ትልከኛለች። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ተራችን ሳይደርስ ያልቃል።

አባቷ ግን በልጁ ምርጫ አኩርፏል። በ1970 ዓ.ም. ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ በሱዳን በኩል የወጣ ሰው ነው። የሸሸው ከሶሻሊዝም ነው፤ ልጁ ባደገችበት አገር ድምፅዋን የሰጠችው ለሶሻሊስት ነው። በአሜሪካ በስንት የሐበሻ ቤት ይህ ክርክር እንዳለ መገመት አያዳግተኝም። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ፤ ለሁለቱም የምለው አለኝ።

ሶሻሊዝምን ወደ እኛ ያመጡት የደርግ ወታደሮች ብቻ አይደሉም። በአውሮፓና በአሜሪካ የተማሩ ልጆቻችንም ናቸው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. ምዕራብ በርሊን ተመሠረቱ። የኢሕአፓ ልሳን ዴሞክራሲያ፣ የመኢሶን ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ይባል ነበር። በሰፈራችን ሁለቱንም በድብቅ የሚያነቡ ልጆች ነበሩ፤ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ የተጫወቱ፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ። በ1969 እና በ1970 አብዛኞቹ አለቁ። ሰፊው ሕዝብ ግን ደርግን ይፈልግ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ድርጅቶችስ የትኛውን እንደሚመርጥ አንድም ቀን አልተጠየቀም። የቀበሌ ሊቀ መንበር የሚመረጠው በስብሰባ እጅ በማውጣት ነበር፤ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ በር ላይ በቆመበት ስብሰባ እጁን የማያወጣ ማን ነው?

ከዚያ የቀበሌ ቤታችን ማፍሰስ ጀመረ። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ ለማደሻ የሚተርፍ አልነበረም፤ ራሳችን እንዳናድሰው ደግሞ ቤቱ የእኛ አይደለም። እናቴ አቤቱታ ይዛ ተመላለሰች። ማመልከቻውን በገዛ እጇ የጻፈችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ ነው፤ ይህም ከዚያ ዘመን ያገኘችው ነው፣ እስክትሞት ታመሰግንበት ነበር። ማመልከቻው ግን መልስ አላገኘም። መልስ ያልሰጣትን ሹም የምታወርድበት ካርድ አልነበራትም።

ካርዱን ያገኘነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ክርክሩን በቴሌቪዥን እያየን፣ በየሻይ ቤቱ እየተሟገትን፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈን መረጥን። ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በወጣትነታቸው የኢሕአፓ አባል የነበሩ፣ አሜሪካ ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወንበሩን ሳይረከቡ በ1998 ዓ.ም. ታሰሩ። ከዓመታት በኋላ የመሩት ፓርቲ፣ ኢዜማ፣ ማኅበራዊ ፍትሕን በስሙ ውስጥ አስገባ፤ እሳቸውም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ኮልፌ የመረጠችውን ከንቲባ ግን ሥራ ላይ ሳታየው ቀረች። ማምዳኒ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ፈጽሞ ቢሮው ሲገባ የቀናሁት በፕሮግራሙ አይደለም፤ የተመረጠ ሰው በቀጠሮው ቀን ሥራ በመጀመሩ ነው።

ዛሬ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ወይራ ሰፈር ቤት የሚከራይ ወጣት ከደመወዙ የሚተርፈው የለም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፣ ጭማሪውም በመንግሥት ይወሰናል። ሕጉ የተከራዩን ጭንቀት ማየቱ መልካም ነው። ግን በሬን አንኳኩቶ "ኪራይህ ስንት ነው? ብትመርጠኝ ይህን አደርግልሃለሁ፣ ካላደረግሁ አውርደኝ" ያለኝ እጩ እስካሁን አላየሁም። የእህቴ ልጅ ለማምዳኒ ብላ ከሥራ መልስ የማታውቀውን ሰው በር ስታንኳኳ የከረመችው ይህን ለማለት ነው።

አባቷንና መሰሎቹን የምለምነው ኩርፊያውን እንዲተዉ ነው። ለልጆቻችሁ የሸሻችሁበትን ብቻ አትንገሯቸው፤ የኪራዩን መቅለልም፣ የእናቶቻችንን ፊደል መቁጠርም፣ የልጆቹን ሞትም አንድ ላይ ንገሯቸው። እናንተም ልጆች፣ የመረጣችሁት ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የእሱን በር ማንኳኳት አትተዉ።