የፊት ግራ ጎማ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርዱ፣ ከቴፑ መዝሙርና ከተሳፋሪው ጨዋታ ሥር አንድ ሌላ ድምፅ አለ። አብዛኞቻችሁ አትሰሙትም። ብትሰሙትም «የመንገዱ ነው» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ብዙ ጊዜ እውነትም የመንገዱ ነው። አንዳንዴ ግን የኩሽኔታ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌላችሁም ይህን አንብቡት፤ ወንበሩ ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁና።

ኩሽኔታ ጎማው በማይዞር ብረት ላይ እንዲዞር የሚያደርግ ዕቃ ነው። ቃሉን ከጣሊያኖች ወስደነዋል፤ ቤሪንግ የሚለውም አለ። ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው፣ አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ፤ በመካከላቸው ኳሶች ወይም ሮለሮች ተደርድረዋል፣ ዙሪያውን ደግሞ ግራሶ አለ። ብረት ብረትን ከመፋቅ ይልቅ ይንከባለልበታል። ግራሶው ሲያልቅ፣ ሲቃጠል ወይም ውሃ ሲቀላቀልበት መስታወት የሚመስለው የቀለበቱ ገጽ መላጥ ይጀምራል። ሮለሩ በተላጠችው ቦታ ላይ ባለፈ ቁጥር ያንኳኳል። ጎማው በአንድ ሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ያ ማንኳኳት ተያይዞ ጉርምርምታ ይሆናል።

የእኛ አገር መንገድ ለኩሽኔታ ጠላት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥተን ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ እንወርዳለን። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየያዝን ስለምንወርድ የፍሬኑ ሙቀት ወደ ጎማው መሐል ይገባል፤ ግራሶውም ይቀጥናል። ታች ስንደርስ ደግሞ፣ በተለይ ርብና ጉማራ በሞሉበት ክረምት፣ ሩዝ ማሳው ዳር የተኛ ውሃ ይጠብቀናል። የጋለ ብረት ድንገት ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ በላስቲኩ ጠርዝ በኩልም ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ያ ውሃ የዚያን ቀን ድምፅ አያሰማም። ወር ሁለት ወር ቆይቶ፣ ሁሉም ሰው ጎርፉን ከረሳ በኋላ ነው የሚሰማው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ጋፋት ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለ ስፍራ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ለሽርሽር ሄዳችሁበታል። በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት በኩል የመጡት የቅዱስ ክሪሾና የእጅ ሙያተኞች፣ እነ ቫልድማየር፣ ሳልሙለርና ቤንደር፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሠሩት እዚያ ነው። ወንጌል ይዘው የመጡ ሰዎች መድፍ ማቅለጣቸውን ሳስተምር ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ እኔም ክርክሩን አላቆምም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ግን መድፉ ሳይሆን ጋሪው ነው። ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት ማለት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት፣ መንገዱ ከፊቱ እየተቆፈረለት፣ ደላንታን አልፎ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጣ። በዚያ ዘመን የጋሪ መንኮራኩር ኩሽኔታ አያውቅም፤ እምብርቱ በወስከምቱ ላይ በጮማ ተቀብቶ ይፋተጋል፣ ይጮሃል፣ ይግላል። ዛሬ ጎማችን ውስጥ ያለውን ሾጣጣ ሮለር ያለውን ኩሽኔታ ሄንሪ ቲምከን የተባለ በአሜሪካ የኖረ ትውልደ ጀርመን ሠረገላ ሠሪ በስሙ ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898፣ ማለትም መድፉ መቅደላ ከደረሰ 30 ዓመት በኋላ ነው። የሮለሩ መሾጠጥ ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማ ክብደት ብቻ አይሸከምም፤ ኩርባ ላይ ወደ ጎንም ይገፋል። ሾጣጣው ሁለቱንም ይችላል። ከአለም በር በላይ ያለውን ጥምዝምዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ሰውዬ ምን እንዳሰበ ይገባዋል።

አሁን ወደ አጥቢያችን አሮጌ ዶልፊን ልምጣ። መዘምራኑ ለወጣቶች ጉባኤ ባሕር ዳር ሊወርዱ 4 ቀን ቀርቷቸው ነበር። ከጋሳይ ስንመለስ ከፊት በኩል እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሾፌራችን፣ መልካም ወንድም ነው፣ «ጎማው ጥርሱ ስላለቀ ነው መምህር» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአሉታና በአዎንታ ከመከራከር ፈተንነው። እናንተም በዚሁ መንገድ ልትፈትኑ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ድምፁ የማንን ፍጥነት እንደሚከተል አዳምጡ። ሜዳ ላይ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ሲያላቅቀው ድምፁ ከሞተሩ ጋር ከወረደ ነገሩ የሞተር ነው። ሞተሩ ረግቦ ጉርምርምታው እንዳለ ከቀጠለ ግን ከሚዞረው ከጎማው ወገን ነው። ሁለተኛ፣ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ወይም ወደ አዲስ አስፋልት ስትገቡ ምን ይሆናል? የጎማ ጥርስ ድምፅ ከመንገዱ ጋር መልኩን ይለውጣል፤ የኩሽኔታ ድምፅ ግን መንገድ አይመርጥም። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፦ ኩርባውን ስሙ። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ግራ ጎማ ያደላል። የእኛው ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አጓራ፣ ወደ ግራ ስንታጠፍ ዝም አለ። የፊት ግራ ማለት ነው።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድነው። ሽማግሌው መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ወሬያችንን ሳይጨርሱ ክሪክ አስገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ቀጭ ቀጭ አለ። ወዲያው ሾፌሩን «ፍሬን ርገጥ» አሉትና እንደገና ወዘወዙ። ጸጥ። «አየህ አይደል፣ ፍሬን ሲይዘው ልልነቱ ጠፋ። የመሪ መገጣጠሚያ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር። ኩሽኔታው ነው ልጄ» አሉ። ከዚያ ጎማውን አሽከርክረው መዳፋቸውን ከኋላ ያለው ሞላ ላይ አሳረፉ፣ እኔንም አስነኩኝ። ብረቱ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል።

«እስከ ጉባኤው አያደርሰንም ጋሼ?» ብላ የመዘምራን መሪዋ ጠየቀች።

«ሊያደርስሽ ይችላል የኔ ልጅ። ግን ኩሽኔታ ሲጨርስ ወይ ይነክሳል ወይ ይፈርሳል። ሲነክስ ጎማው ይቆማል፤ ሲፈርስ ጎማው ካንቺ ቀድሞ ይወርዳል። አሞራ ገደል አጠገብ ቢሆንስ?»

ማንም አልመለሰም። ችግሩ ገንዘቡ ነበር። በአጥቢያው ሣጥን የቀረ አልነበረም፤ የነበረው መዘምራኑ በሳንቲም ያጠራቀሙት የልብስ ገንዘብ ነው። ለጉባኤው አዲስ ልብስ ሊያሰፉበት፣ ጨርቁን ሳይቀር መርጠውበት ነበር። ከወንዶቹ አንዱ «መኪናው የአጥቢያው ነው፣ ሽማግሌዎች ይክፈሉ» አለ፤ ያለው ነገር ስሕተት አልነበረውም። እኔም እንዲህ አድርጉ አላልኳቸውም፤ የእነርሱ ገንዘብ ነው። ለብቻቸው ሆነው ተነጋገሩ። ሲመለሱ መሪዋ ገንዘቡን በፖስታ ይዛ ለጋሼ ሰጠቻቸው። ሁለት ልጆች ተቀይመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አንደኛዋ እስከ ዛሬ ነገሩን ታነሣብኛለች።

ወደ ሥራው ስመለስ፣ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፣ ጥንቃቄው ነው የሚበዛው። የጎማው ዳዶዎች የሚላሉት መኪናው ከመሬት ሳይነሣ ነው። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከሥር ጠንካራ መደገፊያ ይገባል፣ ከኋላ ጎማም ድንጋይ ይደረጋል። ጎማው ሲወርድ የፍሬኑ መያዣ ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል መተው ቱቦውን መግደል ነው። ከዚያ የመሐሉ ክዳን፣ ዳዶው እንዳይዞር የምትይዘው የታጠፈች ፒን፣ ዳዶው፣ የውጭው ትንሽ ኩሽኔታ፣ በመጨረሻም ትልቁና የውስጡ። የእኛው ሲወጣ ግራሶው ቡና ከነዝቃጩ መስሎ ነበር። ውሃ ገብቶበታል።

አንዳንድ ሰው ሮለሩን ብቻ ቀይሮ የውጭውን ቀለበት እዚያው ይተወዋል። ይህ ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲስ ሮለር በተላጠ ቀለበት ላይ ከዞረ እርሱም በቅርቡ ይላጣል። ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ስትገዙም «የዶልፊን ስጡኝ» ብቻ አትበሉ፤ ቀለበቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያዩ።

ጋሼ ቤቱን በናፍታ አጥበው በጨርቅ አደረቁ። ግራሶውን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ኩሽኔታውን በጠርዙ እየጫኑ ሞሉት፤ በሌላኛው ወገን በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ። ከላይ መቀባት አይበቃም። ዘይት መያዣውን ላስቲክ በአዲስ ቀየሩት። ዳዶውን ጎማውን እያሽከረከሩ ጠበቅ አደረጉት፣ ከዚያ መልሰው አላሉት፣ በመጨረሻም በጣታቸው ኃይል ያህል ብቻ አጠበቁት። በጣም ከጠበቀ ይግላል፣ ከላላ ያንኳኳል። ፒኗም አዲስ ናት። የቀኙንም ከፍተው አዩት፤ ደህና ስለነበር ግራሶ ብቻ ቀየሩለት። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ኩሽኔታቸው የታሸገ ነው፣ ማስተካከያ የለውም፣ ብዙዎቹ የሚወጡትና የሚገቡት በፕሬስ ነው። በመዶሻ ልግጠመው የሚላችሁ ካለ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

ወረታ ስንደርስ ወርደን የሁለቱንም ጎማ መሐል በእጃችን ነካን። እኩል ለብ ብለዋል፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። መዘምራኑ በአሮጌው ልብሳቸው ዘመሩ።

አዲሱ ቀለበት ወደ ቤቱ ሲገባ ያየሁትን ሳልነግራችሁ አልለፍ። ጋሼ አዲሱን በቀጥታ አልመቱትም። የወጣውን አሮጌ ቀለበት ጠርዙን በሞረድ ትንሽ ቀነስ አድርገው ላዩ ላይ አስቀመጡትና መዶሻውን በእርሱ ላይ እያዞሩ አሳረፉ። መጀመሪያ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ቲን ቲን የሚል። ቀለበቱ ከሥሩ ሲቀመጥ ወፍራም ሆነ። «ገባ» አሉና አሮጌውን ቀለበት አውጥተው ግድግዳው ላይ ካለችው ምስማር ሰቀሉት፤ እዚያ እንደ እርሱ ያሉ አሥር ያህል ተሰቅለዋል።