ወሬ ያልያዘ ሯጭ

በመልካ ወረር አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ 40 ብር እንደሚሸጥ የሰማሁት ከአውቶቡስ ወርጄ አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላም ያየሁትን ሁሉ፣ ሰውንም ዛፉንም መንገዱንም፣ በዚህች 40 ብር በኩል ካልሆነ በቀር ማየት ተስኖኝ ሰነበትሁ። የከበደኝ ገንዘቡ አይደለም። ዶላር ይዞ የመጣ ሰው ስለ 40 ብር ሲያማርር ቢሰማ የሚታዘበው ብዙ ነው፤ ሱቁን የምትጠብቀው ልጅም፣ «ጋሼ፣ ቀዝቃዛው እኮ ነው፤ ፍሪጁ መብራት ይበላል» ብላ በትሕትና አስረድታኛለች። ነገር ግን አዋሽ በጓሮዋ በሚፈስስባት፣ ቦይ በየእርሻው በተዘረጋባት በዚህች ከተማ ለተጠማ መንገደኛ ውሃ በዋጋ የሚቀርብበት ዘመን ይመጣል ብሎ በልጅነታችን የተናገረ ቢኖር ኖሮ፣ ከሐሳውያን ነቢያት እንደ አንዱ በተቈጠረ ነበር።

የእርሻ ምርምሩ ካምፕ ልጆች የሆናችሁ ሁሉ ከበሩ ወጣ ብሎ ከግራሩ ሥር ጋን ያስቀምጡ የነበሩትን እትዬን ታስታውሳላችሁ። ጋኑ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጣሳው በሲባጎ ታስሮ፣ ከጥጥ ለቀማ የሚመለሰው የወላይታ ሠራተኛም፣ ግመል የሚነዳው አፋርም፣ ከትምህርት ቤት እየተሯሯጥን የምንመጣ እኛም ከዚያችው ጣሳ እንጠጣ ነበር። በወንጌል ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ የተነገረውን ተስፋ እትዬ ከካህን አፍ ሰምተውት ይሁን፣ ወይስ ከገዛ ልባቸው አፍልቀውት፣ አላውቅም፤ ብቻ ጋኑን ባዶ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዛሬ ግራሩም የለም፤ ጋኑም የለም፤ እትዬም ወዴት እንደ ሄዱ፣ በሕይወተ ሥጋ ይኑሩ አይኑሩ፣ የጠየቅኋቸው ሁሉ «የትኛዋ?» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም።

ውሃን እንዲህ አጥብቄ የምቈጥርበት ምክንያት አለኝ። በስደት አገር፣ ጕልምስናዬ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል፣ የሩጫ ፍቅር አደረብኝ፤ ሩጫ ስል አንባቢ ኃይሌን ወይም ቀነኒሳን እንዳያስብ እማጸናለሁ። የእኔ ቦታ በስተ ኋላ፣ መንገድ ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ይዘው በሚከተሉት ጭፍራ መካከል ነው። በኒውዮርክ ከቬራዛኖ ድልድይ ከ50,000 ከሚበልጥ ሕዝብ ጋር ተነሥቼ፣ በደረቴ ላይ ሦስቱን ቀለማት አጊጬ በብሩክሊን ሳልፍ፣ ከግራና ከቀኝ «ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!» የሚለው ጩኸት እንዴት እንደሚያኮራና በዚያው ቅጽበት እንዴት እንደሚያሳፍር የቀመሰው ያውቀዋል። ደራርቱ ቱሉ በ2002 ዓ.ም. በዚያው ጎዳና አሸንፋ ስማችንን ከሰማይ ሰቅላው ስለ ሄደች፣ የሐበሻ መልክ ያለው ሰው ሲያዘግም ማየት ለተመልካቹ የተፈጥሮ ሕግ መፍረስ ነው። አንድ ሽማግሌማ ሰዓታቸውን አይተው፣ «ወገኖችህ ከገቡ እኮ ሦስት ሰዓት ሊሞላቸው ነው፤ ምን አገኘህ?» ሲሉ ከልባቸው ተጨንቀውልኝ ነበር።

የዚህ ዕዳ መነሻ አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዕንቁጣጣሽ ሊብት አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ፣ ተወስዶብን በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ባላንጣውን ጥሎ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የገባ ዕለት፣ ከእርሱ በኋላ የምንወለደውን ሁሉ ሳይጠይቀን ሯጭ አድርጎ ፈርሞብናል። እኔም በሮማ ሮጬ፣ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ስለ ተመለሰ ባዶ የቀረውን ሥፍራ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ከዚያም ወዲያው እግሬን ቁርጠት ያዘኝ። ለመልካ ወረር ልጅ ግን 1952 ሌላም ትርጓሜ አለው። ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አዋሽ የተገራው በዚያው ዓመት ነው፤ አዋሽ ባይገራ የአሚባራ ጥጥ ባልነበረ፣ ጥጡ ባይኖር ምርምሩ ባልተቋቋመ፣ የአባቴም ደመወዝ፣ የእኔም ትምህርት፣ የእትዬም ጋን ባልኖረ ነበር።

ወደ ውሃው ልመለስ። በኒውዮርክ በየማይሉ ማለት ይቻላል ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ቍጥራቸው ከ10,000 የሚበልጥ በጎ ፈቃደኞች የወረቀት ኩባያ ይዘው እጃቸውን ይዘረጋሉ። የማያውቁኝ፣ ቋንቋዬን የማይናገሩ፣ ሃይማኖቴን የማይጠይቁ ሰዎች «ጠጣ፣ በርታ» እያሉ ሲያቀርቡልኝ፣ እትዬ ባሕር ተሻግረው፣ ተባዝተው፣ በየመንገዱ የቆሙልኝ መስሎኝ አልቅሼ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሱቋ ልጅ 40 ብር ስትለኝ ኒውዮርክ በልቤ የከሰሰቻት። ያ የነጻ ውሃ የሚሰጠው አስቀድሞ ከ200 ዶላር በላይ የመመዝገቢያ ለከፈለ ሰው መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

አዲስ አበባ ላይ ታላቁን ሩጫ ሮጬ ነበር ወደ ቆላው የወረድሁት። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሰው ሲጀመር ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሸንፎታል፤ ዛሬ ስንቱ ዐሥር ሺህ አንድ ዓይነት ከነቴራ ለብሶ እየጨፈረ የሚያልፍበት ማኅሌት ሆኗል። 10 ኪሎ ሜትሩን ስንተኛ ሆኜ እንደ ጨረስሁ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ የተባረከ ሩጫ አልሮጥሁም።

በመልካ ወረርም ፀሐይ ሳትቀድመኝ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ በቦዩ ዳር ሮጥሁ። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባ የነሣኝን ትንፋሽ መልሶልኛል፤ ሙቀቱ ግን በነጋታው ብድሩን ያስከፍላል። በደርግ ዘመን ስለ ተተከለ አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት ያ መጻተኛ ዛፍ ግጦሹን ውጦ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ እሾሁ የመኪና ጎማ የሚበሳ ነውና ከባሕር ማዶ ያመጣሁትን ውድ ጫማ ከምንም አልቈጠረውም። እሾሁን ነቅዬ እንደ ገና ስነሣ፣ አንድ አፋር ሽማግሌ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው በግመሎቻቸው ፊት ሲመጡ፣ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። እኔም በእጄ ያለውን ሰዓት እንደ ታቦት የማከብር ሰው ነኝና፣ እጄን አውለብልቤ አለፍኋቸው።

አፋር አገር ተወልዶ ዳጉን የዘነጋ ምን ይባላል? ሁለት መንገደኞች ከተገናኙ ቆመው፣ ወይም ዐረፍ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ዝናቡንና ግጦሹን፣ ሰላሙንና ጠቡን፣ የሞተውንና የተወለደውን ሊነጋገሩ ግድ ነው፤ ውሸት ያወራ በአገር ይዋረዳል። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ላኩብኝ። ልጁም ሸበጥ አድርጎ፣ ትንፋሹ እንኳ ሳይፋጠን፣ የኒውዮርክንና የሮማን ማራቶን የጨረስሁትን ሰው በአጭር ርቀት ደርሶ መለሰኝ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማን ላከህ?»

ማንም እንዳልላከኝ ባስረዳቸው ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ፤ የሚሮጥ ሰው ወይ ብርቱ ወሬ የያዘ ነው፣ ወይ የሚሸሽ ነውና። ከግመሎቹ ጥላ ተቀምጠን ዳጉዬን አቀረብሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ግሪኮች በማራቶን ሜዳ ድል ባደረጉ ጊዜ አንድ መልእክተኛ እስከ አቴና ሮጦ፣ ድላቸውን አብሥሮ፣ እዚያው ወድቆ ሞተ የሚባለውን ታሪክ ነገርኋቸው። ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውም በ1900 ዓ.ም. በለንደን፣ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲያልቅ ሲባል መሆኑን ጨመርሁ። ለንጉሥ ሲባል መንገድ መርዘሙ ከቶ አላስደነቃቸውም።

«ያ ሰውዬ ደግ ነው» አሉ። «ወሬውን ሳያደርስ አልሞተም። ከእርሱ ወዲህ የምትሮጡት ግን ምን ይዛችሁ ነው?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸው ግን አለቀቁኝም፤ ዳጉ እስኪጣራ ይጠየቃል። ለመሮጤ ምን ያህል እንደሚከፈለኝ ሲጠይቁኝ፣ በዚያ ሸንጎ መዋሸት ነውር ነውና፣ ከፋዩ እኔ ራሴ መሆኔን ከነዋጋው ተናገርሁ። ልጁ ዶላሩን ወደ ብር፣ ብሩን ወደ ፍየል በጣቱ እየቈጠረ ሲነግራቸው፣ ሽማግሌው በእጅጉ ሲያዝኑልኝ አየሁ። ከዚያ ተራው የእርሳቸው ሆነና፣ በ2017 ዓ.ም. ምድር በፈንታሌና በዶፈን በኩል ስትንቀጠቀጥ ቤቱን ጥሎ ስለ ተሰደደው ሕዝብ፣ ዛፉ ስለ ዘጋው የከብት መንገድ፣ ክረምት ሲሆን ከዳርቻው ስለሚወጣው አዋሽ አንድ በአንድ አወጉኝ። አንደበቴ መድረቁን አይተው ኖሮ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሃይላንድ ከኮርቻው ፈትተው ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ ዋጋ አልተነሣም። ይህም ሆኖ የ40 ብሩን ቂም አልተውሁም፤ እንዲያውም ባሰብኝ፤ ሱቋ ከዚያ ሥፍራ የምትርቀው ከአንድ ታላቁ ሩጫ አትበልጥማ!

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አዋሽ ሰባት ላይ ወረድሁ። የኤሌክትሪኩ ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ስለሚያልፍ፣ የቀድሞው ጣቢያና ቡፌው ያንን የድሬዳዋ መንገደኛ ጫጫታ አጥተዋል፤ ስለ እነርሱ ብጀምር አላበቃም። የያዝሁት ባጃጅ ሾፌር ግን በመስተዋቱ ደጋግሞ ያየኝ ጀመር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ከፍለው የሚሮጡት ሰውዬ እርስዎ ነዎት?»

ወሬዬ እንዲህ ፈጥና እንደ ቀደመችኝ ሲገባኝ፣ ከመካድ ማመን ይሻላል ብዬ «ነኝ» አልሁት።

«ስንተኛ ወጡ?»

ነገርሁት። ቍጥሩን ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ፣ ባጃጁን ወደ ጥግ አስጠግቶ አቆመና ዞሮ አየኝ።

«ከእርስዎም ኋላ ሰው ነበር?»

«ነበር፤ ብዙ ሺህ።»

«እነሱም ከፍለው?»

«እነሱም ከፍለው።»