ድስቱ የነደፈው ጉዞ



የዘንድሮው የዕረፍት ጉዞ ክርክራችን የተጀመረው ከጃፓን ነው ቢባል ማን ያምናል? ከመካከላችን አንዱ ቶኪዮን፣ ኪዮቶንና ኦሳካን በአንድ ጉዞ የሚያዳርስ ዕቅድ በስልኩ አሳየን። ጠዋት ቤተ መቅደስ፣ ቀትር ላይ ሩዝና ዓሣ፣ ማታ የከተማ መብራት። የምህንድስና ተማሪዎች ሆነን ስለ ፈጣኑ ባቡር መጠየቅ ነበረብን። እኛ ግን መጀመሪያ የጠየቅነው «ሥጋውን ማን አረደው?» ብለን ነው። ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያው መስጂድ በኮቤ ከተማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ሾርባው ውስጥ የአሳማ ስብ፣ ማጣፈጫው ውስጥ አልኮል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሙስሊም ከሚጎበኘው ቦታ በፊት የሚበላበትን ቦታ ያጠናል። ሳቅን፤ እኛም ከእንጅባራ በወጣን ቁጥር የምናደርገው ይህንኑ ነውና።

ለእኛ የተነደፈው መንገድ ሩቅ አይደለም፦ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር። አገሩ ሰላም ውሎ መንገዱ ከፈቀደ፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ። ረቡዕ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። በዚህ አካባቢ ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ስለሚጾሙ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮና በያይነቱ ይዞ ይጠብቃል። በፍስክ ቀን ያው ማማሰያ ከቀይ ወጡ ወደ ሽሮው ሲዘዋወር አይተናል፤ በጾም ቀን ግን ድስቱ ከሥጋ ንጹሕ ነው። የእነሱ ጾም የእኛን ምሳ ያቃናል ማለት ነው። ይህን ቀመር መድረሳም ትምህርት ቤትም አላስተማሩንም፤ ከእናቶቻችን ነው የወረስነው።

ሶላቱም የራሱ ስሌት አለው። ብዙ ዑለማዎች ሶላት ለማሳጠር የሚበቃውን ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። ባሕር ዳር ከእኛ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ እሷን ነይቶ የወጣ ሰው የእንጅባራን ቤቶች ካለፈ በኋላ መንገደኛ ነው፤ ዳንግላ ላይ ዙሁርን ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። ዳንግላን ብቻ አይቶ የሚመለስ ግን አራቱን ይሞላል። ሐነፊዎቹና ሻፊዒዮቹ ዙሁርን ከዐስር ጋር ስለማጣመር እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረው፣ በመጨረሻ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ እንዲቆምልን ተስማማን። ሹፌሩ ገና አልሰማም።

እህቶች ደግሞ የወንዶቹን ክርክር ሳይጠብቁ የራሳቸውን ዕቅድ ጨርሰዋል፦ ዘንገና ሐይቅን አይተው፣ ዳንግላ ደርሰው፣ በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ርቀቱ አጭር ስለሆነ የመሕረምን ጥያቄ ያቀልላቸዋል፤ ምግቡንም ራሳቸው ሠርተው ይይዛሉ። ከሁለቱ ዕቅዶች የበሰለው የነሱ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ዳንግላን ሁላችንም እናውቃታለን እንላለን። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን እዚያ ተቀምጦ የዓባይንና የጣናን ካርታ ያነሳ እንደነበር ግን ከመካከላችን ያወቅነው ሁለት ብቻ ነበርን። የሲቪል ተማሪዎቹ ሰውዬው በበቅሎና በእግር ያንን ሁሉ በረሃ እንዴት እንደለካ ለማሰብ ብቻ አንድ ሰዓት ይሰጠን ብለዋል። ግማሽ ሰዓት ተፈቅዷል።

ባሕር ዳር ላይ የምግቡ ችግር በራሱ ይፈታል። ዓሣ ማረጃ አይጠይቅም፤ ማንም ያጥምደው ማን፣ ሐላል ነው። ኀሙስ ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ። እዚህ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን ሥዕሎቹን እንይ ወይስ እንቅር? ፉቀሃዎች የተለያዩበት ጉዳይ ነው፤ የሚጠላውም የሚፈቅደውም አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ኢየሩሳሌም በገቡ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ኋላ መስጂድ እናድርገው እንዳይሉ ብለው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይሰግዱ ውጭ ሰገዱ የሚለውን ትረካ ሁለቱም ወገን ለራሱ ጠቀሰው። አንዱ «ገብተዋል» አለ፣ ሌላው «ወጥተው ሰግደዋል» አለ። ውሳኔው ለየራስ ተተወ፦ የሚገባ ይገባል፤ የማይገባ ከጫካው ዳር የዘጌን ቡና እየጠጣ ይጠብቃል። በሩ ላይ ጫማ ማውለቁን ማንም አያስተምረንም።

ከሰዓቱ ለጢስ ዓባይ ነበር የተያዘው። የኤሌክትሪካል ተማሪዎቹ ፏፏቴው ብቻ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ ማመንጫዎች አጓጉተዋቸዋል፤ ሁለተኛው ብቻ 73 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ስለ ዓሣው ስናወራ አንድ የባሕር ዳር ልጅ «የደንገል ታንኳውን የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ነገደ ወይጦ ናቸው። በጣና ዳር ይኖራሉ፣ ከደንገል ታንኳና ቅርጫት ይሠራሉ፣ ሙስሊም ነን ይላሉ። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ ሳይቆርስ ኖሯል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኮቤ እስከ ጎንደር መስጂድ ስንቆጥር የሰነበትን ሰዎች፣ በቅርብ መንገድ ላይ ያሉትን ወንድሞቻችንን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባናቸውም። አንዱ «እንግዲያው ሄደን እንያቸው» አለ። ሌላው ቆጣ ብሎ «ማየት ምን ማለት ነው? ዘንገና ናቸው እንዴ?» አለ። ትክክል ነበር። ሰው ሐይቅ አይደለም፤ ካሜራ ይዘው የሚሄዱበትም አይደለም። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ልጅ አስቀድሞ ሽማግሌዎቻቸውን ይጠይቃል፤ ፈቃዳቸው ከሆነ ኀሙስ ከዐስር በኋላ እንሄዳለን፣ መግሪብን አብረን እንሰግዳለን፣ ያቀረቡልንን እንበላለን። ፎቶ የለም። ሰደቃ አድርገን ምስል የምንለጥፍበት ፕሮግራምም አይደለም፤ ይህን አሚራችን ሁለት ጊዜ ደግሞ ተናግሯል። ለዚህ ሰዓት ሲባል ጢስ ዓባይ ከዕቅዱ ወጣ።

መብላቱን የጨመርነው ሳንከራከር አይደለም። «ቢያቀርቡልን፣ ድስቱን እንጠይቅ?» ያለ ነበር። መድረሳ የተማርነው፣ ሙስሊም ወንድም ያቀረበውን ሳይመረምሩ መብላት አደብ መሆኑን ነው። ለማንኛውም አጎታችን ቤት ስንሄድ የማንጠይቀውን እነሱ ቤት የምንጠይቅበት ምክንያት ሊገኝ አልቻለም።

ዓርብ በጠዋት ወደ ጎንደር። በወረታ በኩል ስናልፍ የፎገራን ሜዳ ሩዝ እናያለን፤ እዚያ ያለውን የሩዝ ምርምር ጃፓኖች ሲደግፉት ቆይተዋል፤ ገበሬው ግን ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል። ጎንደር የሚሄድ ሁሉ ፋሲል ግቢን ያያል፤ እኛም እናያለን። ጁሙዓና ምሳ ግን አዲስ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ይኑሩ የሚል ውሳኔ ተላለፈ፤ የዚያ ሰፈር ውርስ ነው አዲስ ዓለም። ከግንቡ አጠገብ ያልተፈቀደላቸው ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ያቀኑት ሰፈር ዛሬም ሥጋ ቤቱን ሳንጠይቅ የምንገባበት ነው። ድስቱን ባንጠይቅ ኖሮ የጎንደር ዕቅዳችን ግንብ ላይ ጀምሮ ግንብ ላይ ያበቃ ነበር።

የቀረው የመኪናው ኪራይና የመንገዱ ሁኔታ ነው። የመጨረሻውን ቃል ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ሹፌሮቹን ጠይቀን እናሳውቃለን፤ መንገዱ አስጊ ከሆነ እህቶችም እኛም እንቀራለን። ስም የሚመዘገበው ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው። ጢስ ዓባይ የቀረባቸው የኤሌክትሪካል ልጆች እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው፤ ዝርዝሩ አናት ላይ የተጻፈው ግን የነሱ ስም ነው።