ገንፎ የፈተናት ማማሰያ

የመጀመሪያዋ ማማሰያዬ የተሰበረችው ገንፎ ውስጥ ነው። ባለቤቴ አራስ ነበረች፤ እናቴ ልታርሳት ከደብረ ማርቆስ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታለች። አንድ ጠዋት ገንፎ ልታገነፋ ድስት ስትጥድ፣ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የለፋሁባትን ማማሰያ ይዤ ቀረብኩ። ለስልሳ፣ በዘይት ተወልውላ፣ ከሱቅ የተገዛች ትመስላለች። እማዬ አገላብጣ አየቻትና "እሰይ፣ የእኔ ባለ እጅ!" አለችኝ። ዱቄቱ ገብቶ ገንፎው ጠንከር ሲል ድስቱን ግራና ቀኝ ያዝኩላት። ሦስቴ ወይ አራቴ እንዳዞረች ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። እጀታው እጇ ላይ ቀረ፤ የማማሰያዋ አፍ ገንፎው ውስጥ ሰጠመ።

እማዬ አልሳቀችም። ወደ ሻንጣዋ ሄዳ፣ በበርበሬውና በሽሮው መሀል ጠቅልላ ያመጣቻትን ሌላ ማማሰያ አወጣች። ከገበያ የተገዛች፣ ትንሽ የጎበጠች፣ የመጥረቢያው ምልክት ገና ያልጠፋባት ናት። ገንፎው በእሷ አለቀ። "የአንተዋ ለዓይን ነው የተሠራችው" አለችኝ፣ ቅቤውን መሀሉ ላይ እያፈሰሰች።

ማታ ሁለቱን ጋራዥ ወስጄ አምፖል ሥር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ምክንያቱ ለመታየት ብዙ አልፈጀም።

እንጨት ጅማት አለው። ዛፉ በቁሙ ሳለ ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚያደርሱት ረጃጅም ክሮች ናቸው። እነዚህ ክሮች ከእጀታው ጫፍ እስከ ማማሰያው አፍ ሳይቋረጡ ከሄዱ፣ ማማሰያው ይለመጥ ይሆናል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። የእኔዋን ያወጣኋት ከእንጨት መሸጫ ከገዛሁት ጣውላ ነው። መጋዝ ደግሞ ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም፤ ቀጥ ብሎ ይሰነጥቃል። እኔም ንድፌን የሣልኩት የእንጨቱ መልክ ባማረበት በኩል ስለነበር፣ ጅማቱ ልክ አንገቷ ላይ አግድም አቋርጧት ያልፋል። የተሰበረችውም እዚያው ላይ ነው። የእማዬን ማማሰያ የሠራው ሰው ግን ግንዱን በመጥረቢያ ፈልጦታል፤ ፍልጥ የሚሄደው በጅማቱ መንገድ ነው። እኔ እንደ ጉድለት ያየሁት ጉብጠት የእንጨቱ የራሱ ጉብጠት ነበር። ባለሙያው ሊያቃናው አልሞከረም፤ ተከተለው።

ልጅ ሳለሁ ገበያ ዳር እንጨት የሚጠርብ ሰው ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ እንጨቱን በእግሩ ረግጦ ይይዘዋል። መጥረቢያው፣ መሮውና ቢላዋው ተጠራቅመው አንዲት ከረጢት አይሞሉም። ለማማሰያና ለገበቴ ዋንዛ ይመርጣል፤ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል። ለዘነዘና ግን ወይራ ነው፤ ጥንካሬው ለውቅጫ ይችላል፣ ክብደቱም ክንድን ያግዛል። ሥራው የሚጀመረው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው፤ እርጥብ እንጨት ለስለት ይለሰልሳል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል፤ ፀሐይ ላይ ያዋለው እንደሆነ ይሰነጠቅበታል። ገዢዋ ደግሞ አጠገቡ ቆማ ታዛለች፦ "አንገቷን አወፍራት፣ ለገንፎ ናት።" "ይቺን አስረዝማት፣ የድግስ ድስት ናት።" ዕቃው ከእጁ ሳይወጣ ወጥ ሠሪዋ መርምራዋለች ማለት ነው።

የእኔ ጋራዥ መኪና ካየ ሰንብቷል። ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ ታስሯል፤ ትራፓኖው፣ የኤሌክትሪክ መጋዙና ማለስለሻው ተደርድረዋል። የሙያ ቃሎቼን ያመጣኋቸው ከአዲስ አበባ እንጨት ቤቶች ነው፤ እነሱም ከጣልያን የወረሷቸው ናቸው። አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ "ካርታቬትራ" ብል ሻጩ የፖስት ካርድ መደርደሪያ አሳየኝ። የፈለግኩት ብርጭቆ ወረቀት ነበር። እዚህ የሚሸጠው በቁጥር ነው፤ ማማሰያ ማለስለስ በ80 ይጀመርና በ120፣ በ180 አልፎ በ220 ይጨረሳል። በመሀል እንጨቱን አርጥቦ ማድረቅና የቆመውን ጭገር መልሶ ማስተኛት አለ። አፍንጫን መሸፈንም አይቀርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ገበያ ዳር በመጥረቢያ ከሚጠርበው ሰው ሥር የሚከመረው ግን ፍቅፋቂ ነው፤ የእኔ ማሽን የሚያስነሳው ዱቄት አይነሳበትም።

ቅባቱም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። እኛ ቤት አዲስ ማማሰያ ዘይት የሚቀባ ሰው አላየሁም፤ ወጡ ራሱ ይቀባታል። እዚህ ብዙዎች የሚጠቀሙት ሚኒራል ኦይል አይደርቅም፤ ታጥቦ ሲሄድ እንደገና መቀባት ይፈልጋል። ሌላው የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲያገኘው እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። በጾም የምንጠጣው ተልባ ለእንጨትም መድኃኒት መሆኑን ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ "የፈላ" ተብሎ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ማድረቂያ ኬሚካል ስላለበት ለምግብ ዕቃ አይሆንም፤ ንጹሑን ፈልጉ። በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተሠራችውን ማማሰያ ደግሞ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቷት፤ ሙቀቱና ውኃው ተባብረው ይሰነጥቋታል።

ለሁለተኛዋ ማማሰያ ጣውላ አልገዛሁም። ጎረቤቴ ጓሮ ነፋስ የጣለው ብላክ ቼሪ ነበር፤ ግንዱን ለመንኩና መጥረቢያ ገዛሁ። ቅርፊቱን ስገፈው መራራ ሉዝ የመሰለ ሽታ አወደኝ። ኋላ ስለ ዛፉ ሳነብ ከአገራችን ጥቁር እንጨት ጋር አንድ ወገን መሆኑን አገኘሁ፤ በሳይንስ ስማቸው ይኼኛው ፕሩነስ ሴሮቲና፣ የእኛው ፕሩነስ አፍሪካና ይባላሉ። የጥቁር እንጨት ቅርፊትም ሲፈጭ ያንኑ ሉዝ ይሸታል። ሁለቱም በየአገራቸው "ጥቁር" የሚል ስም መያዛቸው አስገረመኝ።

ግንዱን ፈለጥኩት፣ በጅማቱ ሄድኩ፣ አንገቷን ወፍራም አድርጌ ተውኳት። ጋራዡ ጥግ ጥላ ውስጥ ሦስት ሳምንት ደረቀች። እማዬ ከመመለሷ በፊት ሌላ ገንፎ አገነፋችባት። አልተሰበረችም። እማዬ አጥባ አየቻትና "አንገቷ ደህና ነው፤ እጀታዋ ግን አጥሮ እንፋሎቱ እጄን ፈጀኝ" አለች። ሦስተኛዋን በአንድ ስንዝር አስረዘምኳት።

ይህን የምጽፈው ስለ እንጨት ብቻ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የማማሰያዬን ፎቶ አይቶ በ35 ዶላር ልግዛት አለኝ፤ አልተከራከረም። እኔም ተደሰትኩ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ። እዚህ በትርፍ ጊዜዬ የማበላሸው ሥራ "ጥበብ" ይባላል። ያ ገበያ ዳር የተቀመጠው ሰው ግን ከእኔ የተሻለ ሠርቶ፣ እኛ ዋጋውን በግማሽ ለማውረድ ጥለነው የምንሄድ መስለን ሦስቴ እንመለስ ነበር። ባለ እጅን መናቅ አዲስ በሽታ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ክርክሩ ግን አለ። ያ ጠራቢ በኋላ ዋንዛውንም እንደልቡ ማግኘት አልቻለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ለጠራቢው ግን እንጨቱ ተወደደ ማለት ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ አገር ቤት የምትገቡ፦ ማማሰያ ስትገዙ ልስላሴዋን አትዩ። አንገቷን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ጅማቱ ከእጀታው እስከ አፏ ሳይቋረጥ መሄዱን ተመልከቱ። ከምን እንጨት እንደሠራት ጠራቢውን ጠይቁት፤ የምትሠሩባትንም ንገሩት። ከዚያ የጠራውን ዋጋ ክፈሉ።